ሁልጊዜ የሚከፈትበት ገጽ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቀኑን ሙሉ ሙጫ ስቀባ ዋልኩ። የተማሪዎቹ መመረቂያ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ መጥቷል። ሁሉም ለነገ ይፈልጋል፤ ሁሉም ጥቁር ሽፋን፣ በወርቅ ፊደል። ምላጭ የምንለው አለቃችን ወረቀት ከሚቆርጥበት ማሽን ይልቅ ምላሱ ነው የሚያስፈራው። አንዱን ተማሪ "ለመጻፍ ሁለት ዓመት ተኝተህበት ለመጠረዝ ሁለት ሰዓት አትታገሥም?" አለው። ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም።

ስገባ እህቴ ጉንዳን ከሆስፒታል ተመልሳ ተኝታለች። ትንሽ ልጅ ሳለች አርፋ አትቀመጥም ነበርና ጉንዳን ያልኳት እኔ ነኝ፤ በዚያው ቀረ። አሁን በሳምንት ሦስቴ ማሽን ደሟን ሲያጥብላት ይውላል። እቤት ስትገባ ግድግዳ ይዛ ነው የምትራመደው። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ዓመት ሊሆን ነው።

እና ሐኪሟ ደወለች። ኩላሊት ለመስጠት እኔና እማዬ የተመረመርነው ውጤት መጥቷል። እማዬ ዕድሜዋ ስለገፋ አይሆንላትም። የእኔ ግን ይሆናል። "እንዲህ የሚስማማ ብዙ አናገኝም፤ ዕድለኛ ናችሁ" አለችኝ።

ዕድለኛ... ስልኩን ዘግቼ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ። የትኛውን ይሆን የሚወስዱት? ግራውን? ቀኙን?

ነገርኳቸው። እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ አለቀሰች። ጉንዳን ጣሪያውን ነው የምታየው። ሁለቱም እኔ የምናገረውን ነው የሚጠብቁት። "እንግዲህ እንጸልይበት" አልኩ። ከአፌ የወጣው እሱ ነው። እንጸልይበት።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

እማዬ መጽሐፉን አወጣች።

በእኛ ቤት ትልቅ ነገር ሲመጣ መጽሐፉ ይጠየቃል። አባዬ ከሞተ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እጇን ትታጠባለች። ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። መጽሐፍ ቅዱሱን በጀርባው ጠረጴዛው ላይ ታቆመውና ትለቀዋለች፤ ራሱ ይከፈታል። ጣቷን ታሳርፋለች። ጣቷ ያረፈበትን እኔ ወይ ጉንዳን እናነብላታለን።

ያው መዝሙር ወጣ። ስለ መጠበቅ የሚናገረው። ሌላ ምን ይወጣል?

ሚስት ላገባ ያሰብኩ ጊዜም እሱ ነው የወጣው። ጠበቅሁ። ልጅቷ አውቶቡስ ነጂ አገባች፤ አሁን ሦስት ልጆች አሏት። ጉንዳን ሌላ ከተማ ጥሩ ሥራ ያገኘች ጊዜም እሱ። እኔ የራሴን መጠረዣ ቤት ልክፈት ያልኩ ጊዜም እሱ። አንዳንዴ የቤታችን አምላክ መሥሪያ ቤት ይመስለኛል። ነገ ተመለሱ። ሰኞ ኑ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው... ይቅር በለኝ።

"አየህ?" አለች እማዬ። "ያው ቦታ! እሱ ካልሆነ አንድ ቦታ እየመራ የሚያወጣው ማነው? ጊዜው ገና ነው ማለቱ ነው፣ የኔ ልጅ።"

ጉንዳንን አየኋት። ጥፍሯን ነው የምታየው።

እውነቱን ልጻፍ? ማንም አያነበው። ሲወጣ ደስ አለኝ። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሳልኝ።


እሑድ፣ ጥቅምት 16

"ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ከሆነ አሳየኝ። ካልሆነም አሳየኝ።" ብዙ ተንበረከክኩ። ምንም። ከጓሮ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማል። ጉልበቴ ብቻ ነው የመለሰልኝ።


ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጉንዳን ዛሬ ደረጃው መሃል ተቀመጠች። ተነሺ ስላት "ቆይ ጋሼ፣ ደረጃው ይረፍ" አለችኝ። እንዲህ ናት። ከንፈሯ ነጥቷል።

ሆስፒታል ደሟ በጣም አንሷል ተባለ። የምትወጋው የደም ማብዣ መድኃኒት ከጠፋ ሰንብቷል። ስለዚህ ደም ሰጧት። አጠገቧ ተቀምጬ ሲንጠባጠብ አየሁ። የማን ይሆን? አንድ የማላውቀው ሰው ክንዱን ዘርግቶ ሰጥቶ፣ ተነስቶ ወደ ሥራው ሄዷል። ምልክት ጠይቆ ይሆን?

ማታ ላይ ጉንጯ ትንሽ ቀላ። እማዬ "ይኸው፣ መጠበቅ ደግ ነው" አለች። እኔም አሜን አልኩ።


ዓርብ፣ ኅዳር 19

ዛሬ የሠራሁትን ሰው ቢሰማ ይሰድበኛል። ጠዋት ሥራ ስገባ "ጌታ ሆይ፣ ምላጭ ዛሬ ማንንም ሳይቆጣ ከዋለ ኩላሊቴን እሰጣለሁ፤ ምልክቴ ይሁን" አልኩ። ምላጭ ሳይቆጣ ይውላል? ከተቀጠርኩ ጀምሮ ያልታየ ነገር። ያንን አውቄ ነው የጠየቅሁት። እግዚአብሔርን ላታልል።

ዋለ! አንድ ቃል አልተናገረም። ጥርሱን አሞት ነው አሉ፤ ጉንጩን ይዞ ሲቆርጥ ዋለ።

እኔስ? "አንድ ጊዜማ አይቆጠርም" ብዬ ወጣሁ። ጥርስ ሕመም ምልክት አይሆንም አልኩ። አሁን ስጽፈው ያሳቅቀኛል።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

ሐኪሟ ቢሮዋ አስገባችኝ። በር ዘጋች።

"ወስነዋል?"

"እየጸለይን ነው፣ ዶክተር።"

"እኔም እጸልያለሁ" አለች። ልጅ ናት፤ ግን ዓይኗ የደከመ ነው። "ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ደም በሰጠናት ቁጥር ነገሩ ይከብዳል። ሰውነቷ የሰው አካል መቃወም ይለምዳል። አይቆዩ።"

እሺ አልኩ። ገባኝ አልኩ። አልገባኝም... ወይስ ገብቶኛል? ኮሪደሩን ጨርሼ ስወጣ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር። "እየጸለይን ነው" ያልኩት የራሴ ቃል። እንዴት ጥሩ መሸሸጊያ ነው! ማን ይደፍረዋል? ለሚጸልይ ሰው ማን ቶሎ በል ይለዋል?

የምፈራው ምኑን ነው? ሞትን አይደለም መሰለኝ። ቢላውን ነው። ተኝቼ፣ ራቁቴን፣ ራሴን ሳላውቅ... ሌሎች ከፍተውኝ። እኔ መጽሐፍ እንኳ ሲፈታ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነበርኩ ሙያውን ስጀምር። ከራስ በላይ ነፋስ ይላሉ። ይሄን ተረት የተረተው ሰው እንደኔ ያለ ፈሪ መሆን አለበት።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ደም ሰጧት። ደግመው።


ረቡዕ፣ ጥር 6

ከሥራ ስመለስ እማዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መጽሐፉን በሻሽ ጠቅልላ ይዛዋለች። ዛሬ ስታነሳው የመሃሉ ገጾች ወለል ላይ ተበተኑ። ተንበርክካ አንድ በአንድ ስትለቅም ዋለች፤ ቅደም ተከተሉን ግን አላወቀችውም።

"አንተ ልጅ፣ የሰው መጽሐፍ ትጠርዛለህ፤ የእናትህ ይበተናል" አለችኝ። ግማሽ ቀልድ ነው። ግማሹ አይደለም።

እሠራዋለሁ አልኳት። ስንት ዓመት በዚህ መጽሐፍ ፊት ቆሜ አንድም ቀን በጠራዥ ዓይን አላየሁትም። የእማዬ ነው። የእሷ ዕቃ ሁሉ ለእኔ ከመወለዴ በፊት የነበረ ነው።


ዓርብ፣ ጥር 8

ምላጭ ምሳ ሲወጣ ፈታሁት። ሽፋኑን ላጥሁ። የጀርባው ሙጫ እንደ ደረቀ ብስኩት ተፈረካከሰ፤ ይሄ የዕድሜ ነው፣ አይገርምም። ክሩ ግን... ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደህና ነው። አንድ ቦታ ሲቀር። እዚያ ቦታ ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተሰብሯል። ክሩ ተበጥሷል። ገጾቹ ጠርዛቸው ጠቁሯል።

አውቀዋለሁ ይሄን ስብራት። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጽሐፍ ተከፍቶ ሲደፋ፣ ክርን ሲደገፍበት፣ በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ፣ ለወራት። ስንቱን ደንበኛ ተቆጥቻለሁ፤ መጽሐፍ አትድፉ፣ ወገቡ ይሰበራል እያልኩ። ወገቡ የተሰበረ መጽሐፍ በጀርባው አቁመህ ብትለቀው ሌላ ቦታ አይከፈትም። መቶ ጊዜ ብታቆመው መቶ ጊዜ በስብራቱ ይከፈታል።

የትኛው ገጽ እንደሆነ ማየት አላስፈለገኝም። አየሁት ግን። መዝሙሩ ነው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት ጠርዣለሁ። ሙያ ለሚማር ሳስረዳ የመጀመሪያ ቀን የምነግረው ነገር ነው። ወደ ቤት ስሄድ ግን ይሄን እውቀቴን ከሽርጤ ጋር ነው መሰለኝ ምስማሩ ላይ ሰቅዬ የምወጣው።

ምላጭ ሲመለስ "ምን ሆነሃል፣ መንፈስ አየህ እንዴ?" አለ።

አላየሁም። ችግሩ እሱ ነው። መንፈስ አልነበረም። ክር ነበር።


ቅዳሜ፣ ጥር 9

ተናድጃለሁ። በማን? በእማዬ? በሙጫው? በእሱ?

አንተስ ዝም ብለህ ታያለህ? አንዲት እናት እጇን ታጥባ ዓይኗን ጨፍና ስትጠይቅህ የተበጠሰ ክር ሲመልስላት ዝም ትላለህ? እንዲህ አይባልም። ግን ጻፍኩት።

(በኋላ።) በእግሬ ብዙ ዞርኩ። አንድ ነገር መጣልኝ። ልጅ ሆኜ "አባዬ፣ እህቴ ውሃ ጠምቷታል፤ ልስጣት ወይስ አልስጣት?" ብዬ ብጠይቀው አባቴ ምን ይለኝ ነበር? በጥፊ ነበር የሚለኝ። ደግሞም የሚያዝነው በውሃው አይደለም። እንዲህ ብዬ መጠየቄ ነው የሚያሳዝነው። እኔን ማን አድርጎ ነው የሚያየኝ ይል ነበር።

እና እግዚአብሔርን ከአባቴ አሳንሼ ነው ማለት ነው? ቸር ነው፣ ጥበበኛ ነው እያልኩ ስንት እሑድ ዘምሬያለሁ። ቸር መሆኑን የምር ባምን ኖሮ ምልክት ምን ያደርግልኝ ነበር? ደግ ሰው እህትህ ስትሞት ምን እንድታደርግ እንደሚፈልግ ይጠየቃል?

ጥቅምት ላይ ስልኩ ሲደወል መልሱ አብሮ ደውሎ ነበር። እኔ ነኝ ያላነሳሁት።

ሰኞ እሄዳለሁ።


ሰኞ፣ ጥር 11

"እሰጣለሁ" አልኳት ሐኪሟን። ገና ሳልቀመጥ።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ራሷን ነቀነቀች፤ ስልክ አነሳች፤ ነርስ መጣችና ደም ቀዳችኝ። "አንዱ ምርመራ መደገም አለበት" አለች ሐኪሟ። "የእሷን ደምና የእርስዎን አብረን እናያለን። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። አሁን... እንየው።"

እፈራለሁ። ግን ይሄኛው ፍርሃት ሌላ ነው፤ አብሮኝ ይራመዳል እንጂ እግሬን አይዘኝም። ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ቀልሎኝ ስራመድ?

ለጉንዳን ነገርኳት።

"ምልክት አገኘህ?" አለች።

"አላገኘሁም።"

ዞር ብላ አየችኝ። ረዥም አየችኝ። "ይሻላል" አለችና አሳቀችኝ፤ "አንዱን ከሰጠኸኝ ግን እንደ አንተ ሙጫ ሙጫ መሽተት እንዳልጀምር።" እማዬ ተቆጣች፤ በዚህ ይቀለዳል ብላ። ሦስታችንም ሳቅን።


ዓርብ፣ ጥር 22

አይሆንም።

በልኩ ልጻፈው። በወሰደችው ደም የተነሳ ሰውነቷ መከላከያ አበጅቷል። ከሁሉ በላይ የሚቃወመው ደግሞ እንደ እኔ ያለውን ነው። ቢገጠምላት ወዲያው ይጥለዋል፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ። ሐኪሟ ወረቀቱን እያሳየች ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን ጣቷን ነበር የማየው።

"ጥቅምት ላይ ቢሆንስ ኖሮ?" አልኳት።

ወረቀቱን አጥፋ ፋይሉ ውስጥ ከተተችው። ደግ ሰው ናት። "ሌላ ዘመድ ካላችሁ..." አለች። የለንም። ሦስት ነን። "ስሟ ተራ ላይ ይቆያል" አለች። ተራው እንዴት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኔ ነኝ ውሻው።


ቅዳሜ፣ ጥር 23

አልጸለይኩም። ምን ብዬ?


ሰኞ፣ የካቲት 2

እጥበቷ ላይ አብሬያት ዋልኩ። ማሽኑ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያጉረመርማል። ፊት ለፊቷ ያሉት አዛውንት አንኮራፍተው ተኝተዋል። ልነግራት ነው የሄድኩት። ውጤቱንማ ታውቃለች። ሌላውን... መፍራቴን፣ መጽሐፉን።

"ጉንዳን፣ መጽሐፉ ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ለምን እንደሚከፈት ታውቂያለሽ?"

"ተሰብሮ ነዋ።"

ወደ እሷ ዞርኩ።

"እኔ ነኝ የሰበርኩት" አለች። "አባዬ የታመመ ጊዜ አንተ ሙያ ልትማር ሄደህ ነበር። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ አነብለታለሁ። ሌላ አንብቤለት አያውቅም፤ እሱኑ ድገሚልኝ ይላል። እንቅልፍ ሲወስደው ደፋ አድርጌው ክንዴን እላዩ ላይ አስደግፌ እቀመጣለሁ። ከነቃ ቶሎ እንድቀጥልለት። ክረምቱ እስኪወጣ። እስኪሞት።"

"እና ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልተናገርሽም?"

"እማዬን አላየሃትም እንዴ ያ መዝሙር ሲወጣ? አባዬ ያናገራት ያህል ነው ፊቷ የሚበራው። እንዴት ብዬ ልንገራት?"

"የሥራሽ ጊዜስ? ሌላ ከተማ ያገኘሽው?"

"ቀረብኝ።" ትከሻዋን ነቀነቀች። ቱቦው አብሮ ተነቃነቀ። "ተናድጃለሁ ያን ጊዜ። አልዋሽህም።"

"ጥቅምት ላይስ?" አልኳት። "የራስሽ ነፍስ ነበረች እኮ።"

ነርሷ መጥታ ማሽኑን ነካክታ ሄደች።

"መጽሐፉ ሲከፈት ፊትህን አየሁት፣ ጋሼ። ተነፈስክ። ከሞት ያመለጠ ሰው ነው እንዲያ የሚተነፍሰው። ይሄን ያህል ፈርተህ፣ መጽሐፉ ተሰብሯል ስላልኩህ ተገደህ የምትሰጠኝን... እንዴት አድርጌ ይዤው እኖራለሁ? በራሱ ይመጣል አልኩ። አውቅሃለሁ እኮ። ትመጣለህ። ትዘገያለህ እንጂ ትመጣለህ።"

መጣሁ። ዘገየሁ።

እጇን ያዝኩ። መርፌው የሌለበትን። ይቅር በይኝ ማለት ፈልጌ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ። "በል እንግዲህ አታልቅስ፤ አዛውንቱ ይነቃሉ" አለችኝ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 17

መጽሐፉን ጨርሼ ወሰድኩ። አዲስ ክር፣ አዲስ ጀርባ፣ ቡናማ ቆዳ። በሙያዬ እንዲህ አድርጌ የሠራሁት የለም። ለምን? እንጃ። ለይቅርታ ይሆናል።

እማዬ ሳመችው። ወዲያው እጇን ታጠበች። ልከለክላት አፌን ከፈትኩ... አልቻልኩም። አቆመችው። ለቀቀችው። አዲስ ጥራዝ ደረቅ ነው፤ አልተከፈተም። ቀጥ ብሎ ቆመ። ደግማ ስታቆመው ወደ ጎን ወደቀ። ስትገልጠው ያነበብኩላት የሰው ስም ዝርዝር ነው፤ ማን ማንን ወለደ። ደግማ ገለጠች። የድንኳን መጋረጃ ርዝመት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፤ ደውላ ደውላ ስልኩ የማይነሳላት ሰው ፊት።

ነገርኳት። ሁሉን። ስብራቱን፣ ጉንዳንን፣ አባዬን። አትጮህም፣ አታለቅስም። ሻሹን ታጥፋለች፣ መልሳ ትፈታዋለች፣ ታጥፋለች።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ያናገረኝ ማን ነበር?" አለች።

"እኔ እንጃ፣ እማዬ።"

"ያንተን ትዳር... የልጄን ሥራ... አሁን ደግሞ..." አልጨረሰችውም።

"እኔም ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁሽ" አልኳት። "በአንቺ ብቻ አይደለም።"

ብዙ ቆይታ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም፣ "እሱ ክፉ አይደለም" አለች። "እኔ ነኝ ወረቀት ያስለፈለፍኩት። እሱ ክፉ አይደለም።" ሦስቴ አለችው። ሦስተኛው ላይ ጥያቄ ይመስል ነበር።


ሐሙስ፣ መጋቢት 10

መርፌ የሚገባበት ቦታ አለቀ። ክንዷ እምቢ ብሏል። አንገቷ ላይ የገባው ቱቦ አመርቅዟል፤ ትኩሳት አላት፤ አወጡት። ሐኪሟ ለእኔና ለእማዬ ቁጭ ብላ ነገረችን። አንድ ቀዶ ሕክምና አለ፤ በደረት በኩል ሌላ መስመር መክፈት። ልቧ ደክሟል። ጠረጴዛው ላይ ልትቀር ትችላለች። ብትወጣም ለጥቂት ጊዜ ነው። ወይም... ቤት። ሕመሙን የሚያስታግስ እንሰጣታለን አለች።

"ተመካከሩና ንገሩኝ።"

አውቶቡስ ውስጥ እማዬ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ የቆመውን ሁሉ ሰው ፊት ታያለች። ከአንዱ መልስ የምታገኝ ይመስል።

ጸለይኩ። ብዙ ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ምንም አልጠየቅሁም መሰለኝ። ዝም ብሎ መቀመጥ ነበር፤ እሱም ዝም።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ጠዋት እማዬ እጇን ታጥባ መጽሐፉ ፊት ቆማ አገኘኋት። አልነካችውም። ውሃው ከጣቷ ይንጠባጠባል።

"አንተ ንገረኝ" አለች። "ታላቅ አንተ ነህ። ምን እናድርግ? ምን ይበጃታል?"

ልመልስ ነበር። አዎ፣ አፌ ላይ መጥቶልኝ ነበር፤ ቀዶው ይሁን ልላት። ጥቅምት ላይ ያልሰጠሁትን አሁን በእሷ ደረት ልከፍል። እዚያው ላይ አንድ ነገር ያዘኝ። ድምፅ አልሰማሁም። እጅ አልነካኝም። ግን አፈርኩ። ይሄ ሁሉ ወር... መጽሐፉን ጠየቅን፣ ሰማዩን ጠየቅን፣ እኔ የምላጭን ጥርስ ሳይቀር ጠየቅሁ።

"እማዬ፣ እሷን እንጠይቃት" አልኩ።

እማዬ ያልገባትን ነገር እንደሰማች አየችኝ። "የታመመ ሰው?"

"አዎ።"

ገባን። ጉንዳን ትራሷን ተደግፋ ነቅታለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አልደበቅሁም። ሐኪሟ እንዳለችው፤ ደረቱንም፣ ልቧንም፣ ቤቱንም። እማዬ በሩን ይዛ ቆማለች። ስጨርስ "አንቺስ? አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

ያኔ አለቀሰች። ውጤቱ የመጣ ቀን ያላለቀሰች፣ አንገቷን ሲወጓት ያላለቀሰች።

"ጋሼ፣ ከታመምኩ ጀምሮ ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም" አለች። "አንድ ሰው የለም።"

እማዬ በሩ ላይ እንዳለች ቁልቁል ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ቀዶውን አልፈልግም አለች። ማሽኑንም በቃኝ። እማዬ ራሷን እንድታጥባት ትፈልጋለች፤ ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸተኛል አለች። ምላጭን ጥሩልኝ አለች፤ ሰው ሲሳደብ መስማት አምሮኛል። ማንም በሹክሹክታ እንዳያወራ። እኔ ሥራ እንዳልሄድ። ሌላ? አልኳት። አሰበች። "ስተኛ መብራት አታጥፉ" አለች።

እማዬ ውሃ አሞቀች። ስታጥባት ከጓዳ ይሰማኛል፤ ስለ ሻምፑው ይጨቃጨቃሉ።

ይሄን ጓዳ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ምንም አልተስተካከለም። እህቴ ትሞታለች፤ ቀድሜ ብነሳ ትኖር ነበር፤ ይሄን የሚያነሳልኝ ቃል የለም፣ እንዲያነሳልኝም አልለመንኩም። "ቸር ነህ" ብቻ አልኩት። ግማሹን አላመንኩትም። ግን ጠይቃት ያለኝ እሱ ካልሆነ ማን ነው? እኔማ እንዲህ ያለ ሰው አልነበርኩም።

የሰኞው እጥበቷ ከቀረ ወዲያ ያለውን እሱ ያውቃል። ይሄን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ለማምለጫ ስለው ኖሬያለሁ። ዛሬ የማመልጥበት የለም። ትጠራኛለች፤ ፀጉሯን ላድርቅላት ልሂድ።